ፎርስተር «ሞሪስ»ን በሕይወት ሳለ ለምን አላሳተመውም?

ጥያቄ፦ «በዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ እማራለሁ። የማጠናቀቂያ ጽሑፌን የምሠራው በኢ. ኤም. ፎርስተር ልቦለድ በ‹ሞሪስ› ላይ ነው። መምህራችን ሦስት ነገር ነግረውናል፦ ደራሲው መጽሐፉን የደበቀው እስር ፈርቶ እንደሆነ፣ ታሪኩ የራሱ የሕይወት ታሪክ እንደሆነ፣ መጨረሻው ተረት ስለሆነም ከሥራዎቹ ሁሉ ደካማው እንደሆነ። እኔን ያልገባኝ ግን አለ። ሕጉ የተሻሻለው በ1967 ነው፤ ደራሲው የሞተው በ1970 ነው። ሦስት ዓመት ምን ይጠብቅ ነበር? ለጽሑፌስ የትኛው መንገድ ያዋጣኛል? ፊልሙን አይቻለሁ፤ መጽሐፉን እስከ ግማሽ አንብቤአለሁ።»

ምላሽ፦

መምህርዎ የሰጧችሁ ሦስቱ ፍርዶች ፈጽሞ ሐሰት አይደሉም፤ ሦስቱም ግን ግማሽ መንገድ ሄደው ይቆማሉ። የእርስዎ የ1967 ጥያቄ ከሦስቱም ይልቅ ወደ ነገሩ ሥር ይጠጋል። ዓመታቱን ሁሉ እንደ ጥያቄዎ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ። ልቦለዱን ላላነበበ፦ ሞሪስ የተባለ ወጣት መጀመሪያ የካምብሪጅ ጓደኛውን ክላይቭን፣ በኋላም የክላይቭን የአደን ጠባቂ አሌክን ይወዳል፤ በመጨረሻም ከአሌክ ጋር አብሮ ለመኖር ይመርጣል። በ1967 የተሻሻለውም በወንዶች መካከል ያለውን እንዲህ ያለ ግንኙነት ይቀጣ የነበረው የእንግሊዝ ሕግ ነው።

በመጀመሪያ የጊዜው ቅደም ተከተል ይጥራ። ፎርስተር በ1879 ተወለደ። «ሞሪስ»ን መጻፍ ሲጀምር፣ በ1913፣ የ34 ዓመት ሰው ነበር፤ አራት ልቦለዶች አሳትሞ ስሙ ታውቋል። መነሻ የሆነው አንድ ጉብኝት ነው። ኤድዋርድ ካርፔንተር የተባለ ሶሻሊስት ጸሐፊ በሼፊልድ አቅራቢያ በምትገኘው ሚልቶርፕ መንደር፣ ከሠራተኛው መደብ ከመጣው ከጆርጅ ሜሪል ጋር በአንድ ቤት ይኖር ነበር፤ አኗኗሩንም ከእንግዶቹ አይሰውርም። ፎርስተር በኋላ እንደጻፈው፣ ሜሪል ከወገቡ ዝቅ ብሎ በእጁ ነካ አደረገው፤ ያ ንክኪም ሐሳብ እንኳን ሳያቋርጠው ወደ ድርሰት ተለወጠ። እናቱ ለጤናዋ ወደተቀመጠችበት ወደ ሃሮጌት ተመልሶ ወዲያው መጻፍ ጀመረ። ረቂቁ በ1914 አለቀ። በ1924 ስለ ሕንድ የጻፈውን ታላቅ ልቦለዱን ካሳተመ በኋላ እስኪሞት ድረስ፣ ለ46 ዓመታት፣ ሌላ ልቦለድ አላወጣም። «ሞሪስ» የታተመው ደራሲው በሞተ በዓመቱ፣ በ1971 ነው።

«ደበቀው» የሚለው ቃል ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። መጽሐፉ አልታተመም እንጂ ሳይነበብ አልቀረም። ፎርስተር በታይፕ የተመታውን ረቂቅ ለሚያምናቸው ወዳጆቹ ያውስ፣ የሚሉትን ይሰማ፣ አንዳንዴም ያሻሽልበት ነበር። ጸሐፊው ሊተን ስትሬቺ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አንብቦታል፤ ልቦለድ ደራሲው ክሪስቶፈር ኢሸርዉድ በ1930ዎቹ። ኢሸርዉድ እንዲያውም መጽሐፉ አሜሪካ ውስጥ እንዲታተም ኃላፊነቱን የተረከበ ሰው ነው። ስለዚህ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ስለተቆለፈ ሣጥን ከመጻፍ፣ ጥቂት መርጦ የያዛቸው አንባቢዎች ስለነበሩት መጽሐፍ መጻፍ ይቀርባል። ደራሲው የአንባቢ ድምፅ ሳይሰማ የቀረበት ጊዜ የለም፤ የቀረው የሕዝቡ ድምፅ ነው።

ወደ ሕጉ እንምጣ። «እስር ፈርቶ ነው» የሚለው አባባል ሁለት የተለያዩ ሕጎችን ያደባልቃል። አንደኛው ድርጊትን የሚቀጣ ነው። በ1885 የወጣው የወንጀል ሕግ ማሻሻያ 11ኛ አንቀጽ በወንዶች መካከል የሚፈጸም «ከባድ ነውር» ያለውን ሁሉ፣ በአደባባይም ይሁን በጓዳ፣ እስከ ሁለት ዓመት በሚደርስ እስራት ይቀጣ ነበር፤ ከባድ የጉልበት ሥራም ሊጨመርበት ይችላል። ኦስካር ዋይልድ በ1895 ሁለቱን ዓመት ሙሉ የተቀጣው በዚህ አንቀጽ ነው። ፎርስተር ያኔ የ16 ዓመት ልጅ ነበር፤ የትውልዱ ሰዎች ያንን ስም በሹክሹክታ እየሰሙ አደጉ። አንቀጹ ነውር ምን እንደሆነ በዝርዝር ስላልተናገረ፣ የሰው ምስጢር ይዘው ገንዘብ ለሚጠይቁ ሰዎች የተመቸ ሆነ፤ «የአስፈራሪዎች ቻርተር» የሚል ቅጽልም ወጣለት። በልቦለዱ ውስጥ አሌክ ስከደር ሞሪስን ለማስፈራራት የሚሞክርበትን ክፍል ሲደርሱ ይህን ያስታውሱ። ያ ትዕይንት ሴራውን ለማጦዝ የገባ አይደለም፤ የዘመኑ ተራ አደጋ ነው።

ሁለተኛው ጽሑፍን የሚቀጣ ነው። በ1857 የወጣው የጸያፍ ጽሑፎች ሕግ ነበር፤ ከ1868 ጀምሮ ደግሞ ፍርድ ቤቶች «ይህ ጽሑፍ በቀላሉ የሚበላሽ አእምሮ ያለውን አንባቢ ሊያበላሽ ይችላልን?» በሚል መለኪያ ይፈርዱ ነበር። ይህ መለኪያ የመጽሐፉን የጥበብ ዋጋ አይጠይቅም፤ አሳታሚውም አታሚውም ከጸሐፊው እኩል ይጋለጣሉ። እንዴት እንደሚሠራ በ1928 ታየ። የራድክሊፍ ሆል «የብቸኝነት ጉድጓድ» በሴቶች መካከል ስላለ ፍቅር የተጻፈ፣ አንዲት ግልጽ የአልጋ ትዕይንት የሌለችበት፣ በሐዘን የሚያልቅ ልቦለድ ነው። ለንደን ውስጥ ዳኛው ጸያፍ ነው ብለው ቅጂዎቹ እንዲወድሙ ፈረዱ። ከተዘጋጁት የመከላከያ ምስክሮች አንዱ ፎርስተር ነበር፤ ዳኛው የጸሐፊዎችን ምስክርነት አልሰማም አሉ። በዚያ ቀን «ሞሪስ» ተጽፎ ካለቀ 14 ዓመት ሆኖታል። ፎርስተር ከችሎቱ ሲወጣ የራሱ መጽሐፍ ቢወጣ ምን እንደሚገጥመው ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።

እንግዲህ እስከዚህ ድረስ የመምህርዎ ማብራሪያ ይቆማል፤ ሕጉን «ድርጊትን የሚቀጣው» ሳይሆን «ጽሑፍን የሚቀጣው» ብለው ካረሙት። ችግር የሚመጣው ከ1959 በኋላ ነው። በዚያ ዓመት የጸያፍ ጽሑፎች ሕግ ተሻሽሎ የሥነ ጽሑፍ ዋጋ መከላከያ ሆነ። በ1960 ፔንግዊን የተባለው አሳታሚ በዲ. ኤች. ሎሬንስ «የሌዲ ቻተርሊ ፍቅረኛ» ምክንያት ተከሶ ነጻ ወጣ፤ በዚያ ችሎት ቆመው ለመጽሐፉ ከመሰከሩት አንዱ አሁንም ፎርስተር ነው። የ81 ዓመቱ ሽማግሌ የሌላውን ሰው መጽሐፍ ለማስለቀቅ ፍርድ ቤት ይቆማል፤ የራሱ መጽሐፍ መሳቢያ ውስጥ አለ። ስለዚህ ጥያቄዎ በ1967 ሳይሆን በ1960 ቢጀምር ይበልጥ የተሳለ ይሆናል።

መልሱ አንድ አይደለም። እናቱን ላለማሳዘን ነው የሚሉ አሉ፤ እናቱ ግን በ1945 ሞታለች፤ ከዚያ ወዲህ ያለውን 25 ዓመት እሷ አታስረዳም። ይበልጥ የሚያሳምነው የግል ሕይወቱ ነው። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በጣም ይወደው የነበረው ቦብ በኪንግሃም ባለትዳር ፖሊስ ነበር፤ ከሚስቱም ጋር ፎርስተር ጥብቅ ወዳጅ ሆኖ ኖሯል። «ሞሪስ» ቢወጣ ጋዜጦች የሚያንኳኩት የደራሲውን በር ብቻ አይሆንም ነበር። የ1967ቱም ሕግ ቢሆን የሚነገርለትን ያህል ሰፊ አይደለም። ፈቃዱ ለእንግሊዝና ለዌልስ ብቻ ነው፤ ሁለቱም ሰዎች 21 ዓመት የሞላቸው መሆን አለባቸው፤ ነገሩም በጓዳ መሆን አለበት። ስኮትላንድ እስከ 1980 ድረስ ቆየች። ሕጉ ማሳደድን ቀነሰ እንጂ ንቀትን አልሻረም። ፎርስተርም የሚፈራው ያንን ንቀት ነበር። በመስከረም 1960 በጻፈውና አሁን ከልቦለዱ ጋር አብሮ በሚታተመው «የመጨረሻ ማስታወሻ» ውስጥ፣ የሕዝቡ ስሜት ከድንቁርናና ከድንጋጤ ወደ መላመድና ንቀት እንደተሸጋገረ ይናገራል። ሰዎች የሚጠሉት ነገሩን ራሱን ሳይሆን ስለ ነገሩ ለማሰብ መገደድን ነው ይላል። ተስፋ አልነበረውም። ማስታወሻውን የሚደመድመውም ክላይቭ በዳኝነት ወንበር ተቀምጦ በተከሳሽ ሳጥን ውስጥ ባለው አሌክ ላይ መፍረዱን ይቀጥላል፣ ሞሪስ ምናልባት ያመልጥ ይሆናል ብሎ ነው። በተረፈ፣ በረቂቁ ላይ የተገኘች አንዲት አጭር የእጅ ጽሑፍ አለች፤ ሊታተም ይችላል፣ ግን ዋጋ አለውን? የምትል። እኔ ከሁሉም በላይ ሚዛን የምሰጠው ለእሷ ነው። መጽሐፉ በእርጅናው ዘመን ሳይሆን በ1914 መውጣት የነበረበት እንደሆነ ያውቃል። ለ1914 አንባቢ የተጻፈን መጽሐፍ በ1968 ማውጣት፣ ፍርሃት ሳይኖርም፣ ያሳቅቃል።

ሁለተኛው ነጥብ የሕይወት ታሪክ ነው የሚለው ነው። እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ አስጠነቅቃለሁ፤ የተማሪ ጽሑፎች የሚበላሹት በዚህ ቦታ ነውና። ፎርስተር ሞሪስን ሆን ብሎ ከራሱ በተቃራኒ ቀረጸው። ሞሪስ ሆል መልከ መልካም፣ ጤናማ፣ በአእምሮው ዘገምተኛ፣ በንግድ የማይታማ፣ ሰው በመደብ የሚለይ ጉረኛ ነው፤ የአክሲዮን ደላላ፣ የከተማ ዳር ነዋሪ። ደራሲው ራሱ ዓይን አፋር፣ መጽሐፍ ወዳድ፣ የኪንግስ ኮሌጅ ምሁር ነበር። ዘዴው ግልጽ ነው። ጀግናው ገጣሚ ወይም ሠዓሊ ቢሆን አንባቢ «ይህ እንግዳ ፍጥረት ነው፣ እንግዳ ስሜት አያስገርምም» ብሎ ያልፈው ነበር። ፎርስተር ግን ያንን ስሜት በጣም ተራ በሆነ ሰው ልብ ውስጥ አስገባ፤ ስሜቱም ያንን ድንዙዝ ሰው ቀስ በቀስ እንዲያስብ ያስገድደዋል። ልቦለዱ በእውነት የሚተርከው ይህንን መንቃት ነው።

የካምብሪጅ ክፍል ከሕይወቱ ብዙ እንደወሰደ አይካድም፤ ለክላይቭ መነሻ የሆነው የተማሪነት ወዳጁ ኤች. ኦ. ሜረዲት እንደሆነ በሰፊው ይታመናል። የአሌክ ክፍል ግን የተገላቢጦሽ ነው። ፎርስተር የመጀመሪያውን ረቂቅ ሲጨርስ ከማንም ጋር አካላዊ ግንኙነት አልነበረውም። ያ የሆነው በጦርነቱ ጊዜ፣ ለቀይ መስቀል ሊሠራ እስክንድርያ በሄደበት ነው፤ እዚያም መሐመድ ኤል አድል የተባለውን የትራም ቲኬት ቆራጭ ወደደ። ማለትም በመደብ የሚለያዩ የሁለት ወንዶችን ፍቅር መጀመሪያ ፈጠረው፣ በኋላ አገኘው። በማስታወሻው ውስጥ አሌክ ቀስ በቀስ ሕይወት እየዘራና እየከበደ ተጨማሪ ቦታ እንደጠየቀው፣ በልቦለዱ ላይ የተጨመረው ሁሉ በእሱ ምክንያት እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ «ሕይወቱን ጻፈ» ከማለት «ያልኖረውን ጻፈ፣ ሲኖር ደግሞ እየመለሰ አረመው» ቢሉ ከመረጃው ጋር ይስማማሉ።

አሁን ወደ መጨረሻው። የመምህርዎ ሦስተኛ ፍርድ ብዙ ደጋፊ አለው። ስትሬቺ ገና በ1915 ለፎርስተር ጽፎለት፣ የሁለቱ ሰዎች ግንኙነት ከስድስት ወር አይዘልም ብሎ ቀልዶበታል። ደራሲው ግን ደስተኛ መጨረሻ የግድ ነበር ይላል፤ ያለዚያ መጻፉንም አይጀምረውም ነበር። ልጁ በገመድ ተሰቅሎ ወይም ሁለቱ አብረው ራሳቸውን አጥፍተው ቢያልቅ ኖሮ ማሳተሙ ይቀል ነበር ባይ ነው። (እዚህ ላይ ትንሽ አጋንኗል፤ የራድክሊፍ ሆልን መጽሐፍ ሐዘኑ አላዳነውም።) ነጥቡ ግን ትክክል ነው፤ በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ ፍቅር ሊነገር ቢችል እንኳን በቅጣት መደምደም ነበረበት። ሞት የአንባቢውን ሕሊና የሚያጥብ መውጫ ነበር።

ታዲያ «ተረት» ነውን? የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች በጥሞና ያንብቡና ሁለቱ ምን እንደሚከፍሉ ይቁጠሩ። ሞሪስ ሥራውን፣ ቤቱን፣ እናቱንና እህቶቹን፣ የመደቡን ጥበቃ ሁሉ ይተዋል። አሌክ ደግሞ ወደ አርጀንቲና ሊሰደድ ቲኬት ተቆርጦለት፣ ዘመዶቹ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ላይ ሊሸኙት ቆመው፣ መርከቡን ያመልጠዋል። ቀደም ብሎ በሂፕኖሲስ፣ ማለትም በንግግር አደንዝዞ፣ የሚያክመው ላስከር ጆንስ ሞሪስን እንዲህ ያለውን ፍቅር የማይቀጣውን የናፖሊዮንን ሕግ ወደተቀበለ አገር፣ ወደ ፈረንሳይ ወይም ወደ ኢጣሊያ ሂድ ብሎ መክሮታል፤ እንግሊዝ የሰውን ተፈጥሮ ለመቀበል ምንጊዜም ዳተኛ ናት ይላል። ሁለቱ ግን አይሰደዱም። በገዛ አገራቸው ውስጥ፣ ከማኅበረሰቡ ወጥተው፣ ጫካ ይገባሉ። ይህ ሽፍትነት እንጂ ሠርግ አይደለም። የእንግሊዝ ሥነ ጽሑፍ ከሮቢን ሁድ ጀምሮ የሚያውቀው፣ ሕግ ሲጠም ሰው የሚሸሸግበት ጫካ ነው። ፎርስተርም ይህ ጫካ ከጦርነቱ በኋላ እንደጠፋ በማስታወሻው ያዝናል፤ በ1912 ግን ሊታመን ይችል ነበር።

በመጀመሪያው ረቂቅ አንድ ተጨማሪ ምዕራፍ ነበር። ከዓመታት በኋላ የሞሪስ እህት ኪቲ ሁለት እንጨት ቆራጮች ታገኛለች፤ አንዱ ወንድሟ ነው። የፎርስተር ወዳጆች ምዕራፉን ስላልወደዱት ደራሲው ቆረጠው። ሌላም ምክንያት ሰጥቷል። «ከዓመታት በኋላ» ማለት ከ1912 ተነሥቶ ጦርነቱ ውስጥ መውደቅ ነው፤ በዚያ ዕድሜ ያሉ ሁለት ጤናማ ወንዶች በ1916 ጫካ ውስጥ እንጨት አይቆርጡም፤ ምሽግ ውስጥ ናቸው። ታሪኩ በ1912 ላይ ቆሞ የቀረበት ምክንያት ይህ ስለሆነ፣ የመጨረሻው ገጽ «ለዘላለም በደስታ ኖሩ» አይልም። አንባቢው ጦርነቱን ያውቃል፤ ገጸ ባሕርያቱ አያውቁም።

ሌላው ብዙ አንባቢ የሚዘለው ነገር መደብ ነው። ሞሪስና ክላይቭ እኩዮች ናቸው፤ አንድ ኮሌጅ፣ አንድ ክበብ፣ አንድ ዓይነት ሸሚዝ። ፍቅራቸው ከፕላቶን መጽሐፍ የተቀዳ ስለሆነ አካልን ይንቃል። ክላይቭ ግሪክ ሄዶ፣ አቴንስ ውስጥ በዲዮኒሶስ ቴአትር ፍርስራሽ ላይ ተቀምጦ፣ ያለ ፈቃዱ እንደ ሌላው ሰው ሴት ወደ መውደድ እንደተለወጠ ለሞሪስ ይጽፋል። ያ ሁሉ ግሪክን ያመለከ ሰው እምነቱን የሚያጣው ግሪክ ውስጥ መሆኑ ፎርስተር ብቻ የሚያውቅበት ዓይነት ምፀት ነው። አሌክ ግን የክላይቭ ርስት የአደን ጠባቂ ነው፤ ደመወዝተኛ። ፔንጅ በተባለው የርስቱ ቤት የሳሎኑ ጣሪያ ሲያፈስ ፒያኖውን እንዲያሸሹ ከሚጠሩት ሠራተኞች አንዱ ነው። በ1912 እንግሊዝ ሁለት ጌቶች እርስ በርስ ቢዋደዱ ነገሩ በክበቡ ውስጥ ሊቀበር ይችላል፤ ጌታና ጠባቂ ሲዋደዱ ግን የቤቱ ሥርዓት ራሱ ይናጋል። የእኛ አንባቢ ይህን ለመረዳት ሩቅ አይሄድም፤ በበዛብህና በሰብለ ወንጌል መካከል የቆመው ግድግዳም የዘርና የማዕረግ ነበር። ልዩነቱ ሐዲስ ዓለማየሁ ግድግዳው እንዲገድል ማድረጋቸው፣ ፎርስተር ደግሞ እንዲዘለል ማድረጉ ነው።

ክላይቭ በመጨረሻ ሞሪስ አሌክን እንደሚወድ ሲሰማ የሚያስደነግጠው የቱ እንደሆነ ያስተውሉ። ወንድ መውደዱ አዲስ ነገር አይደለም፤ ያንን ያስተማረው እሱ ነው። የሚሰቀጥጠው አካሉና መደቡ ነው። ለፓርላማ ሊወዳደር የሚዘጋጅ ባለርስት ነውና፣ ምዕራፉ ሲያልቅ የሚያስበው ነገሩን ከሚስቱ ከአን እንዴት እንደሚሰውር ነው። የልቦለዱ የመጨረሻ ቃል የሚወድቀው በሁለቱ ደስታ ላይ ሳይሆን በዚህ ውሸት ላይ ነው። ይህን ያየ ሃያሲ «ተረት» የሚለውን ቃል በቀላሉ አይጠቀምም።

ይህ ማለት መጽሐፉ እንከን የለውም ማለት አይደለም። ድክመቱ ግን መምህርዎ ባመለከቱበት ቦታ አይደለም። ሴቶቹን ይመልከቱ። የሞሪስ እናት፣ ኪቲና ኤዳ፣ አንም ጭምር፣ ከወረቀት የተቆረጡ ናቸው፤ ይህን ያደረገው የ«ሃዋርድስ ኤንድ» ልቦለዱን ዋና ገጸ ባሕርይ፣ ማርጋሬት ሽሌግልን፣ የፈጠረ ደራሲ መሆኑ ያሳፍራል። ደራሲው ይህን በከፊል ሆን ብሎ እንዳደረገው የሚከራከሩ አሉ፤ ሞሪስ ሴቶችን የሚያይበት ዓይን ይህ ነው በማለት። እኔ አልተቀበልኩትም፤ ተራኪው ሞሪስ አይደለምና ሞሪስ የማያየውን ማየት ነበረበት። ሁለተኛው ድክመት ጥድፊያ ነው። የካምብሪጁ ክፍል ዘና ብሎ ይሄዳል፤ ሞሪስና አሌክ ግን የሚተዋወቁት በጥቂት ቀናት ነው፤ አሌክ ከውስጥ የሚታይባቸው ገጾች በጣም ጥቂት ናቸው። ደራሲው ለዓመታት እየጨመረለት እንኳን አልሞላም። መጨረሻው የማያሳምናቸው አንባቢዎች በእውነት የጎደላቸው ይህ ይመስለኛል፤ ደስታው በዝቶባቸው ሳይሆን አሌክ አንሷቸው ነው።

ስለ ፊልሙ አንድ ማስጠንቀቂያ። ጄምስ አይቮሪ በ1987 የሠራው ፊልም ጥሩ ሥራ ነው፤ መረጃ አድርገው ግን አይጥቀሱት። በፊልሙ ውስጥ የካምብሪጅ ጓደኛቸው ሪዝሊ ተይዞ፣ ተከሶ፣ ሲፈረድበት ያያሉ፤ ክላይቭም በዚያ ደንግጦ ከሞሪስ ይርቃል። ይህ በልቦለዱ ውስጥ የለም። ፊልሙ ለክላይቭ ለውጥ ምክንያት ሰጠው፤ ፎርስተር ግን ምክንያት ነፍጎታል፤ ለውጡ እንደ በሽታ መጥቶ ይቀመጣል፤ አንባቢው ፍርሃት ይሁን እውነት እየተጠራጠረ ይቀራል። በርካታ የተማሪ ጽሑፎች ክላይቭ ሕግ ፈርቶ እንደከዳ የሚጽፉት ልቦለዱን ሳይሆን ፊልሙን አስታውሰው ነው። አንብበው ያቆሙት እስከ ግማሽ ከሆነ፣ የግሪኩ ደብዳቤ አካባቢ መሆን አለበት፤ ያንን ምዕራፍ ፊልሙን ረስተው እንደገና ያንብቡት።

ሌላ ጥንቃቄ፦ ዛሬ ስለ ማንነት የምንናገርበትን ቋንቋ በ1912 ሰዎች አፍ ውስጥ አይክተቱ። ሞሪስ ለቤተሰብ ሐኪማቸው ለዶክተር ባሪ ራሱን ሲገልጽ፣ የኦስካር ዋይልድ ዓይነት ስሙ የማይጠራ ሰው ነኝ ይላል፤ ሌላ ቃል የለውም። ሐኪሙ የረባ ምርመራ እንኳን ሳያደርግ ከንቱ ነገር ነው ብሎ ይዘጋዋል። ላስከር ጆንስ ደግሞ የሳይንስ ስም ይሰጠዋል፤ ግን አያድነውም፤ ማዳን ያለበት በሽታ መሆኑንም ልቦለዱ አይቀበልም። መጽሐፉ ደግሞ የአንድ አገር፣ የአንድ ዘመን፣ የመካከለኛ መደብ ነጭ እንግሊዛዊ ታሪክ ነው። በዚያው ዘመን በፋብሪካ ወይም በቅኝ ግዛት ይኖር ስለነበረ ሰው ምስክር አድርጎ ማቅረብ ከሚችለው በላይ መጫን ነው።

ምክሬ የሚከተለው ነው። «ለምን ደበቀው?» የሚለውን የጽሑፍዎ ርዕስ አያድርጉት፤ አንድ የመግቢያ አንቀጽ ይበቃዋል፤ ከላይ ያየናቸውን ሁለቱን ሕጎች ለይተው ያስቀምጡና ይለፉ። ዋናው ክርክርዎ መጨረሻውና መደብ ይሁን። ማስረጃውን የሚያገኙት ከልቦለዱ አወቃቀር ነው። መጽሐፉ አራት ክፍሎች አሉት። የመጀመሪያው ክፍል የሚያልቀው ሞሪስ በካምብሪጅ ወደ ክላይቭ ክፍል በመስኮት ዘልሎ ሲገባ ነው፤ ሦስተኛው የሚያልቀው አሌክ በፔንጅ በመሰላል ወጥቶ ወደ ሞሪስ ክፍል በመስኮት ሲገባ ነው። አንዱ መስኮት የእኩዮች ነው፣ አንዱ የጌታና የሠራተኛ፤ በመጀመሪያው ሞሪስ ገቢ ነው፣ በሁለተኛው ተቀባይ። እነዚህን ሁለት ትዕይንቶች ጎን ለጎን አስቀምጦ መተንተን ብቻውን አሥር ገጽ ይሞላል፤ ማንም ተረት ነው ሊለው የማይችል የታሰበበት አሠራርም ያሳያል። የብሪቲሽ ሙዚየሙን ትዕይንት ይጨምሩበት፤ ሞሪስ የቀድሞ አስተማሪውን ሚስተር ዱሲን አግኝቶ ስሜ ስከደር ነው የሚልበትን። በመጀመሪያው ምዕራፍ ስለ ወንድና ሴት በአሸዋ ላይ በበትር ሥዕል እየሣሉ ያስተማሩት እኚሁ ሰው ናቸው፤ ሞሪስ ከእሳቸው ፊት የጠባቂውን ስም የራሱ ሲያደርግ መደቡን የለቀቀው እዚያው ነው፤ ጫካው ከዚያ በኋላ ይመጣል።

የሚጠቀሙበት እትም «የመጨረሻ ማስታወሻ» ያለበት መሆኑን ያረጋግጡ። የዩኒቨርሲቲዎ ቤተ መጻሕፍት ፊሊፕ ጋርድነር በ1999 ያዘጋጀውን የአቢንጀር እትም ካለው፣ የረቂቆቹን ልዩነትና የተቆረጠውን የኪቲ ምዕራፍ እዚያ ያገኛሉ፤ የመጨረሻውን ጉዳይ ለሚጽፍ ሰው ከማንኛውም የሂስ መጽሐፍ በፊት መነበብ ያለበት እሱ ነው። ማስታወሻውን ግን ልቦለዱን ከመጨረስዎ በፊት አያንብቡ። ፎርስተር ስለ ራሱ መጽሐፍ በጣም አሳማኝ ተናጋሪ ስለሆነ፣ ቀድመው ካነበቡት የሚጽፉት የእሱን ሐሳብ ይሆናል። ያልተነበበው ግማሽ ደግሞ የአሌክ ግማሽ ነው። ክርክርዎ በሙሉ በእሱ ላይ ስለሚቆም፣ ያንን ሳይጨርሱ አንድ መስመር እንኳን አይጻፉ።